ልጆችን ከአራተኛ ፎቅ መስኮት ይጠሩ የነበሩት የወይዘሮ ጁሄር አይት ኡዝሩ የሕይወት ታሪክ

እናታችን ወይዘሮ ጁሄር አይት ኡዝሩ ከአባታቸው ከአቶ አክሊ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዠጂጋ፣ በአልጄሪያ በካቢሊ ተራሮች ላይ ባለች ታላ ኡዝሩ በምትባል መንደር፣ እ.ኤ.አ. በ1948 ወይራ በሚለቀምበት ወራት ተወለዱ። ቀኑ አይታወቅም። የመንግሥት ጸሐፊውም ቀኑን ቢያጣው ጊዜ መዝገቡ ላይ «በግምት የተወለዱ» ብሎ ጻፈ። እናታችን በዚህ ዕድሜ ልካቸውን ሲስቁ ኖሩ። «የተወለድኩት በግምት ነው፤ የደከምኩት ግን በእውነት ነው» ይሉ ነበር።

ይህን የምጽፈው ሴት ልጃቸው ዊዛ ነኝ። የሰፈራችን ሽማግሌዎች ይህን ሥራ ሲሰጡኝ «በእርጋታ ጻፊው፣ ዓመተ ምሕረቱን ጠብቂ፣ ማንንም አትንኪ» ብለውኛል። ዓመተ ምሕረቱን እሞክራለሁ። እርጋታውን ግን ከየት ላምጣው? ይህ ጽሑፍ ሲነበብ እኛ ከሕንጻችን ሥር ግቢው ውስጥ ቆመን እንሆናለን፣ አስከሬኑ መኪና ላይ ይሆናል፣ ነጩ የፖሊስ መኪና ደግሞ እንደ ልማዱ ከዳቦ ቤቱ ማዕዘን ላይ ቆሞ ይሆናል። ነቢይ ሆኜ አይደለም። ለቅሶ ባለበት ሁሉ ይቆማል። ልጆች፣ ወደዚያ አትዩ። ወደዚህ እዩ።

ትምህርትን በተመለከተ፦ የመንደራቸው አንዲት ክፍል ትምህርት ቤት በነጻነቱ ጦርነት ጊዜ የወታደር ማደሪያ ሆነች፤ ድሮም ቢሆን ሴት ልጅ አትገባባትም ነበር። ማንበብ የተማሩት እዚህ አገር መጥተው፣ ከታላቅ ወንድሜ ከሞክራን የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ ነው። እሱ ጮክ ብሎ ሲያነብ እሳቸው ሽንኩርት እየላጡ ከኋላ ከኋላው ይከተሉት ነበር። በዚህ ምክንያት እስከ መጨረሻው ድረስ ሲያነቡ እንደ ሰባት ዓመት ልጅ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነው። ከቤቶች አስተዳደር የሚመጣልንን ማስጠንቀቂያ ሁሉ ጎረቤት በነጻ ይሰማው ነበር።

በ1965 የመንደራቸውን ልጅ አቶ አመዝያንን አገቡ። አባታችን ፓሪስ አጠገብ ባለ የመኪና ፋብሪካ ይሠሩ ነበር፤ በዓመት አንድ ወር ባል ይሆናሉ፣ የቀረውን ጊዜ ደብዳቤ ይሆናሉ። በ1969 እናታችን «ከደብዳቤ ጋር አልኖርም» ብለው የሁለት ዓመቱን ሞክራንን አዝለው መርከብ ተሳፈሩ። ያረፉት ጭቃ ላይ ነው። የቆርቆሮ ሰፈር፣ ለመቶ ቤት አንድ ቧንቧ፣ በብርድ ጊዜ ደግሞ ቧንቧውም በረዶ። «ይኼ ነው ያልከኝ ፓሪስ?» ቢሏቸው አባታችን «ፓሪስማ ማዶ ናት፤ ሲመሽ መብራቷ ይታያል» አሏቸው አሉ። እኔ የተወለድኩት እዚያ ጭቃ ውስጥ፣ በ1970 ነው።

በ1974 ሌ ኖዬ ወደሚባለው ወደዚህ ሰፈር ገባን። ስሙ የገውዝ ዛፎች ማለት ነው፤ አንድ የገውዝ ዛፍ ያየ ካለ ይነሳና ይንገረኝ። አራተኛ ፎቅ ደረሰን። ሙቅ ውሃ ከግድግዳ ውስጥ ሲወጣ እናታችን እልል አሉ። ታናሽ ወንድማችን ኢዲር በዓመቱ ተወለደ። በዚያን ጊዜ ሊፍቱ ይሠራ ነበር፣ መብራቱም ይበራ ነበር፣ ሰዉም ሲገናኝ ይሳሳቅ ነበር። ከዚያ ፋብሪካው ሠራተኛ መቀነስ ጀመረ፤ ሊፍቱ ቆመ፤ የቆመ ሊፍት የሚጠግን አልመጣም፤ የሚመጣው ፖሊስ ብቻ ሆነ።

አሁን 1984 ላይ ደረስኩ። ይህቺን ዓመት ዘልያት ባልፍ ደስ ባለኝ።

ሞክራን አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የጓደኛውን ሞተር ብስክሌት ይዞ ከዳቦ ቤት ሲመለስ ፖሊሶች መታወቂያ ሊያዩ እንዲቆም ምልክት ሰጡት። መታወቂያው ኪሱ ውስጥ ነበር። ያጠፋው ነገር አልነበረም። ግን ሸሸ። «ንጹሕ ከሆነ ለምን ሸሸ?» የሚል ሰው ካለ፣ ይህ ሰው እዚህ ሰፈር አላደገም ማለት ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ሲያስቆሙት ቆሞ፣ እጁን ግድግዳ ላይ አስለጥፈው በእናቱ ሲሰድቡት ውለው ነበር። ተከተሉት። ከባቡር ድልድዩ ሥር ካለው ግንብ ጋር ተጋጨ። ከሁለት ዓመት በኋላ ዳኛው «ጥፋተኛ የለም» አለ። እንግዲህ ግንቡ ነው።

እናታችን በዚያች ሰዓት ፓሪስ ውስጥ የሰው ቢሮ ያጸዱ ነበር። መስኮታችን ዝግ ነበር። ሆስፒታል ሲደርሱ የሞክራንን ጫማ በከረጢት ሰጧቸው፣ ክሩ እንደታሰረ። አላለቀሱም። የታላ ኡዝሩ ሰው እዚህ አገር ሲሞት አስከሬኑን ወደ መንደር የሚልክልን እድር አለን፤ እድሩ ሞክራንን ላከልን፣ እዚያም አላለቀሱም። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው እንደሚባለው፣ መንደርተኛው ሁሉ ስለ መልኩ፣ ስለ ጠባዩ፣ ስለ ሳቁ እያነሳ ሲያለቅስ እሳቸው ዝም። ሴቶቹ «ድንጋይ ናት» ብለው አሟቸው። ወይ ድንጋይ! ከቀብር ተመልሰው አንድ ነገር ብቻ አደረጉ። የከሰዓቱን ሥራ ትተው የንጋቱን ብቻ ያዙ።

ከዚያ ጀምሮ ከትምህርት ቤት መለቀቂያ ሰዓት አንስቶ እናታችን መስኮት ላይ ናቸው፤ በረዶም ይውረድ ሐሩርም ይሁን። ነጩ መኪና በዳቦ ቤቱ ማዕዘን ብቅ ሲል ድምፃቸው ግቢውን ይሞላዋል።

«ልጆች! ምግብ ቀርቧል! ወደ ላይ!»

የሰማ ሁሉ ይወጣል። የካቢል ልጅ፣ የማሊ ልጅ፣ የፖርቱጋል ልጅ፣ ምርጫ የለም። ጫማ በር ላይ ይወልቃል፣ እጅ ይታጠባል፣ ይበላል። ልጇ የጠፋባት እናት ወደ አራተኛ ፎቅ ትመጣና በር ላይ የተደረደረውን ጫማ ታያለች፤ የልጇን ጫማ ካየች ሳታንኳኳ ትመለሳለች። ድስቱ ደግሞ ባዶ ሆኖ አያውቅም። አንዴ «እማ፣ መኪናው እስኪያልፍ ቁጭ ቢሉ አይበቃም? የግድ ማብላት አለብሽ?» ብላቸው ተቆጡኝ። «ምግብ አለ ብዬ ጠርቼ ካላበላሁ ውሸታም ነኝ። ውሸታም ከሆንኩ ነገ ስጠራቸው አይመጡም» አሉኝ። አንዳንዱ ታዲያ ከታች ሆኖ ይከራከራል።

«አክስቴ፣ እኔ እኮ አሁን በልቻለሁ!»

«ሆድህን ማን ጠየቀህ? ውጣ ነው ያልኩህ!»

ሃያ ዓመት የሞላው፣ ጢም ያወጣ፣ መንገድ ላይ ማንንም የማይፈራ ጎረምሳ ይህን ሲሰማ አንገቱን ደፍቶ ደረጃውን ይወጣል። እዚህ የቆማችሁ ታውቃላችሁ። አሁን የምትስቁትም ታውቃላችሁ።

በ1991 ፊልም ሠሪዎች ወደ ሰፈራችን መጡ። ሙሴ ቨርዲዬ የሚባሉ የፓሪስ ሰው ስለ ድህነታችን፣ ከሌላ አገር ስለ መምጣታችንና ስለ ፖሊስ ፊልም ሊሠሩ አስበው እናት ይፈልጉ ነበር። ሰው ሁሉ ወደ አራተኛ ፎቅ ጠቆማቸው።

«ማዳም፣ ልጅዎ ይሞታል፤ እርስዎ ላዩ ላይ ወድቀው ይጮኻሉ» አሏቸው።

«ማን ገደለው?»

«ፖሊስ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ፊልሙ ያልቃል።»

ኢዲር «እማ፣ አታድርጊው፣ በቁስልሽ ሊነግዱ ነው» ብሎ ለመናቸው። እሳቸው ግን «ፓሪስ ያሉት ስላላዩ ነው እንጂ ቢያዩ ዝም አይሉም ነበር» አሉ። ይህን ከልባቸው ያምኑ ነበር። ሲቀረጽ ግን እንባ እምቢ አላቸው። አንዲት ልጅ ሽንኩርት ይዛ መጣች። «ልጄ፣ እኔ በዚህ እጄ የሽንኩርት ተራራ የላጥኩ ሰው ነኝ፤ አንዱ ራስ ምን ያደርገኛል?» አሏት። በኋላ ዓይናቸው መሬት ላይ ወደተኛው ተዋናይ ጫማ ሄደ። ክሩ ታስሯል። ያን ጊዜ ከእናታችን አፍ የወጣውን ድምፅ እኔ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ሰባት ዓመት የዘገየ የሞክራን ለቅሶ ነበር። ሙሴ ቨርዲዬ «ግሩም ነው!» አሉ። አዎ፣ ግሩም ነው ብለዋል። ዛሬም ከኋላ ቆመዋልና ይስሙኝ።

ከዚያ በኋላ የማይመጣ ፊልም ሠሪ አልነበረም። የሽንት ሽታ ያለው ደረጃ፣ የሚቃጠል መኪና፣ የሚሳደብ ፖሊስ፣ የሚሞት ልጅ፣ የምታለቅስ እናት፤ እናቲቱ ሁልጊዜ እናታችን ናቸው። ልጆቹም «አልቃሻችን» የሚል ስም አወጡላቸው። «አክስቴ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ልትቀብሪ ነው?» ሲሏቸው «አንተን፣ ያን ፀጉርህን ካልተቆረጥክ» ይላሉ። አንዴ ፓሪስ ውስጥ አንዱ ፊልም ሲመረቅ አንዲት የተከበረች ሴት እጃቸውን ይዛ እያለቀሰች «ማዳም፣ በጣም ነካኝ» ብትላቸው «እሰይ፣ ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?» አሏት። ሴትዮዋ ፈገግ ብላ ወደ መጠጡ ሄደች። በዚያው ዕለት ወደ ቤት ስንመለስ ባቡር ጣቢያው ላይ ፖሊሶች ኢዲርን ከነሙሉ ልብሱ፣ ከነከረባቱ ግድግዳ ላይ አስደግፈው ፈተሹት። እናታችን ቆመው አዩ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ለሚመጣው ፊልም ሠሪ ሁሉ አንድ ጥያቄ ነበራቸው። «ይኼኛው ልጅ ቤቱ ይግባ።»

«ማዳም፣ እውነት አይመስልም» ይሏቸዋል።

«እንዴት አይመስልም? ትናንት ስንቱ ቤቴ ገብቶ በላ! እሱን ለምን አታነሱትም?»

«እሱማ ፊልም አይሆንም። ምንም አልተፈጠረም እኮ።»

አንዱ ይህን ያላቸው ቀን ቤት ሲገቡ ድስቱና ሳህኑ ተንኳኳ። «ልጅ ቤቱ ሲገባ ምንም አልተፈጠረም አለኝ! ምንም! ዊዛ፣ ሰማሽው? ምንም!» እያሉ ከኩሽና ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ መስኮት ይመላለሱ ነበር። እንግዲህ እናታችን ከዚህ ዓለም የፈለጉት ነገር ይህ ብቻ ነው፤ ልጁ ቤቱ የሚገባበትን አንድ ፊልም አይቶ መሞት። «ታዲያ ለምን አትተይውም?» ስላቸው «እኔ ብተወው ሌላ ሴት ያመጣሉ፤ እሷ ደግሞ አትጠይቃቸውም» ይሉኝ ነበር።

በ1996 አባታችን አቶ አመዝያን በደረት በሽታ ሞቱ፤ እሳቸውንም እድሩ ሞክራን አጠገብ አሳረፋቸው። በ2008 እናታችን ወደ መካ ሄደው ሐጅ አደረጉ። እዚያ ምን እንደለመኑ ባይነግሩኝም አውቀዋለሁ።

በ2017 ከኛው ደረጃ፣ ከሁለተኛ ፎቅ፣ የዲያዲዬ ቀን ደረሰ። ዲያዲዬ ወላጆቹ የማሊ ሰዎች ናቸው፤ እሱ ግን ከአምስት ዓመቱ ጀምሮ የኛን ኩስኩስ እየበላ ያደገ፣ ጫማውን ሲያወልቅ ቀኙን በግራ፣ ግራውን በቀኝ አድርጎ የሚተው ልጅ ነው። ፊልም ተማረ፣ ታገለ፣ የመጀመሪያ ፊልሙን በዚሁ ሰፈር ሊሠራ ፈቃድ አገኘ። እናታችን «እንግዲህ የኔ ቀን ነው» አሉ። ጽሑፉን አምጥቶ ሰጣቸው። የኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው በዚያ በሰባት ዓመት ልጅ ድምፅ እያነበቡ፣ ጎረቤትም እየሰማ፣ መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ተቋረጠ። ልጁ ይሞታል።

«ዲያዲዬ።»

«አቤት አክስቴ።»

«አንተን ከዚህ መስኮት ስንቴ ጠርቼሃለሁ?»

«ኧረ ማን ይቆጥረዋል!»

«ሞተህ ታውቃለህ?»

ዲያዲዬ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «አክስቴ፣ እኔ ወድጄ መሰለሽ? ልጁ ቤቱ ሲገባ ጽፌ ነበር እኮ። መለሱብኝ። እንደገና ጻፍኩ፣ እንደገና መለሱብኝ። ካልሞተ አይቀበሉኝም።»

«እነማን?»

«ፓሪስ ያሉት፣ ገንዘቡን የሚሰጡት።»

«ፓሪስ ያሉት አንድ ቀን አብልተውሃል?»

እናታችን ወረቀቱን አጥፈው መለሱለት። «ላንተ ስል አለቅሳለሁ። የመጨረሻዬ ነው። ግን ይቅርታ እንዳትለምነኝ፣ ይቅር አልልህም» አሉት።

ቀረጻው በጥቅምት ወር፣ ከሰዓት በኋላ ነበር። እኔ አውቶቡስ ነጂ ነኝ፤ የዕለቱን ተራዬን ለጓደኛዬ ሰጥቼ ከታች ቆሜያለሁ። የሚሞተው ልጅ የኮሞሮዋ ልብስ ሰፊ ልጅ ናሱር ነው። ሸሚዙ ላይ ቀይ ቀለም ፈሶበት ግቢው መሃል በጀርባው ተኝቷል፤ «የፈለግከውን ብትሰማ እንዳትንቀሳቀስ» ተብሏል። ፖሊስ ሆነው የለበሱትም የኛው ልጆች ናቸው፤ አንዱ ፎዴ ነው፣ ታክሲ የሚነዳው። እናታችን አራተኛ ፎቅ ላይ ከመስኮቱ ኋላ ሆነው ይጠብቃሉ። ዲያዲዬ እጁን ሲያነሳ ከፍተው ልጁን ያዩና ይጮኻሉ። በቃ፣ ይኼው ነው።

ካሜራው ሥራ ከጀመረ በኋላ እውነተኛው ነጭ መኪና በዳቦ ቤቱ ማዕዘን ብቅ አለ። ፊልም መኖሩን ማንም አልነገራቸውም። የታያቸው መሬት ላይ በደም የተነከረ ልጅ፣ አጠገቡ የማያውቋቸው ባለ ዩኒፎርሞች፣ ዙሪያውን የኛ ጎረምሶች ነው። ዘለው ወረዱ። አንዱ እጁን ወደ ሽጉጡ ላከ። የኛዎቹ ደግሞ ፊልሙን ረስተው ድንጋይ አነሱ፤ ያ ድንጋይ የፊልም አልነበረም። ዲያዲዬ «ፊልም ነው! ፊልም ነው!» ብሎ ይጮኻል፤ በዚያ ግርግር ማን ይስማው? እኔ ሠላሳ ሦስት ዓመት ወደኋላ ሄጄ ያ ግንብ ታየኝ። ናሱር ዓይኑን ጨፍኖ ተኝቷል፤ እንዳትነሳ ተብሏልና። ካሜራው አሁንም ይሠራል።

መስኮቱ ተከፈተ። ጩኸት አልወጣም።

«ልጆች! ምግብ ቀርቧል! ወደ ላይ!»

ከሁሉ በፊት የተነሳው ሟቹ ነው። ናሱር ዓይኑን ገልጦ፣ ሱሪውን አራግፎ፣ ግራ ቀኝ ሳያይ ወደ ደረጃው ሄደ። ከዚያ ድንጋዩ አንድ በአንድ መሬት ላይ ወደቀ። ጎረምሶቹ ተከተሉ። ፎዴም የፖሊስ ኮፍያውን አውልቆ ብብቱ ሥር አድርጎ ተከተለ። ዲያዲዬ ራሱ፣ የፊልሙ ባለቤት፣ እግሩ ይዞት ሄዶ ነው ካሜራ መያዙን ያስታወሰው፤ ከኋላቸው እየቀረጸ ደረጃውን ወጣ። ግቢው ባዶ ሆነ። እኔና እውነተኞቹ ፖሊሶች ብቻ ቀረን። አንዱ ወጣት ፖሊስ በድንጋጤ ዓይኑ ፈጦ «ሬሳው የት ሄደ?» አለኝ።

«ሊበላ» አልኩት።

ስወጣ ጫማው ከአራተኛ ፎቅ በር ጀምሮ እስከ ሦስተኛ ፎቅ ደረጃውን ሞልቶታል፤ መካከሉ ላይ የፖሊስ ቦት ጫማዎች አሉ። ከውስጥ የእናታችን ድምፅ ይሰማል። «አንተ ሙት፣ እጅህን ታጠብ! ቀለሙን ምንጣፌ ላይ እንዳላይ!» ኩስኩሱ በሽንብራና በዱባ ነበር። በኋላ መስኮት ላይ ቀርበው ያን ወጣት ፖሊስ ቁልቁል ሲያዩት ቆዩና «ቢወጣ አበላው ነበር። ጫማውን ግን ያወልቃል» አሉ። አልወጣም።

ፓሪስ ያሉት ይህን ቀረጻ አይተው አልወደዱትም። የሞተ አይነሳም፣ ተመልካች ይስቃል፣ እንደገና ተቀርጾ ልጁ ይሙት አሉ። ዲያዲዬ ፊቱ ጠቁሮ መጣ። እናታችን በዚያን ጊዜ ማሳል ጀምረው ነበር።

«እንደገና ላልቅስልህ?» አሉት።

«አላውቅም አክስቴ። እምቢ ካልኩ ፊልሙን ይተዉታል።»

«አንተ ባታውቅ እኔ አውቃለሁ። ልጁ ቤቱ ገብቷል። ቤቱ የገባን ልጅ ለሞት መልሼ አላወርድም።»

ዲያዲዬ ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ። ከዚያ በኋላ ወሬው ጠፋ። አንድ ክረምት አለፈ፣ በጋም አለፈ። እናታችን ገበያ ላይ፣ ፋርማሲ ላይ፣ መስጊድ በር ላይ ያገኙትን ሁሉ «ዲያዲዬ ልጁን ምን አደረገው?» ይሉ ነበር። እንቅልፍ ከቤታችን ጠፋ። ሳሉ ሲያይልባቸው መልሱን ሳይሰሙ የሚሞቱ መስሎኝ በዲያዲዬ ላይ ጥርሴን ነከስኩ። ያን ጊዜ ባገኘው ኖሮ ይህ የሕይወት ታሪክ የሱ በሆነ ነበር።

በጥር ወር 2019 ሆስፒታል ገቡ። ሐኪሞቹ የሳንባ በሽታ ነው አሉ። እኔ ዕድሜያቸውን ሙሉ በሰው ቢሮ የተነፈሱት የጽዳት መድኃኒት ነው እላለሁ፤ ሽማግሌዎች ማንንም አትንኪ ስላሉኝ በዚሁ ልለፈው። በሕመማቸው ጊዜ ተራ ገብተው ያስታመሟቸውን የሰፈራችንን ልጆች በቤተሰቡ ስም አመሰግናለሁ። ነርሶቹ «እኚህ ሴትዮ ስንት ልጅ ነው የወለዱት?» እያሉ ይገረሙ ነበር።

በመጋቢት ወር አንድ ቀን ከሰዓት ዲያዲዬ ኮምፒውተሩን በብብቱ ይዞ ገባ። ከስቷል። የምናገረው ብዙ ነበረኝ፤ እናታችን በእጃቸው ዝም አሰኙኝ። «ከመጀመሪያው ላስጀምርሽ አክስቴ?» ሲላቸው «ጊዜ የለኝም፣ መጨረሻውን» አሉት። አሳያቸው። ናሱር ተኝቷል። መስኮቱ ይከፈታል። የእናታችን ድምፅ ይሰማል። ናሱር ይነሳል፣ ሱሪውን ያራግፋል፣ ይሄዳል፤ ካሜራው ከኋላው ደረጃውን ይወጣል፤ ጫማው፣ ያ ሁሉ ጫማ፣ ከዚያ በሩ ይዘጋል። አለቀ። ፓሪስ ያሉት ጥለውት ሄደዋል፤ ዲያዲዬ ቀን መጋዘን ውስጥ እየሠራ፣ በተበደረው ክፍል ብቻውን ጨርሶታል። እናታችን «ድገመው» አሉ። ደገመው። እስከ አልጋው ጫፍ ተጠግተው አዩና ሳቁ።

«ናሱርም ጫማውን አዟዙሮ ነው የተወው፣ እንዳንተ» አሉት። ከዚያ ወደ ትራሱ ተመለሱ። «አንዱ እንኳ ቤቱ ገባ። አሁን እኔ ወደ ሞክራን ልውረድ» አሉ። ፊታቸው እንደዚያ ያረፈበትን ጊዜ አላስታውስም። ዲያዲዬ አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ፤ እሳቸው አላለቀሱም።

እናታችን ወይዘሮ ጁሄር ማክሰኞ መጋቢት 19 ቀን 2019 ንጋት ላይ፣ በዘመናቸው ሁሉ ለሥራ ይነሱበት በነበረው ሰዓት፣ በግምት በሰባ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። የሦስት ልጆች እናትና የአምስት ልጆች አያት ነበሩ፤ በሕግ የማይቆጠሩትን የግቢያችንን ልጆች ሳንጨምር። አስከሬናቸው ዛሬ በእድራችን አማካይነት ወደ ታላ ኡዝሩ ይሸኛል፤ የሚያርፉትም በባለቤታቸውና በሞክራን መካከል ነው። የዲያዲዬ ፊልም በአርባቸው ቀን በሰፈራችን አዳራሽ ይታያል። ሙሴ ቨርዲዬም ይምጡ፤ ምንም የማይፈጠርበት ፊልም ነው።

ሁላችን የአላህ ነን፤ ወደ እርሱም ተመላሾች ነን። በራቸውን ለማንም ዘግተው ለማያውቁት ለእናታችን የጀነትን በር ይክፈትላቸው። መቃብራቸውን ያስፋው፣ ብርሃንም ይሙላው። የጠሩት ልጅ ሁሉ እዚያ በር ላይ ወጥቶ ይቀበላቸው። አሚን።

አሁን የአስከሬኑ መኪና ይንቀሳቀሳል። ልጆች፣ እጃችሁን እንደሚበላችሁ አውቃለሁ። ያ ነጭ መኪና ዛሬም ቆሟል፤ አንዳችሁ አንድ ቃል ብትናገሩ፣ አንዱ አንድ እርምጃ ቢራመድ ቀኑ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ኢዲር ከጠዋት ጀምሮ ድስቱን ጥዷል። መስኮቱ ክፍት ነው። ከዛሬ ጀምሮ ቃሉን እኔ እወስደዋለሁ፤ ድምፄ የሳቸውን ባያህልም በአውቶቡስ ስጮህ የኖርኩ ሰው ነኝና ይሰማል።

ልጆች! ምግብ ቀርቧል! ወደ ላይ! ጫማ በር ላይ ይወልቃል።